አቤት የማይባልበት ክፍል

ሰኞ ዕለት ቃሊ ቀረች።

አሥራ አንድ ስም ጠራሁ፤ አሥራ አንድ ልጆች በየተራቸው «አለሁ» አሉኝ። አሥራ ሁለተኛውን ስም ሁለት ጊዜ ጠራሁት። ከታች፣ ከጭቃው መንገድ፣ አንድ ተሸካሚ «ዞር በል! ዞር በል!» እያለ አለፈ። ሌላ መልስ አልመጣም። በስሟ ትይዩ ምንም ሳልጽፍ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

የምንማርበት ክፍል ሰባተኛ በሚባለው ሠፈር ነው፤ ከሐጂ ሙናዊር የፕላስቲክ ዕቃ መጋዘን ቆጥ ላይ። ከእግራችን ሥር ባልዲና ጀሪካን እስከ ወለላችን ድረስ ተደርድሯል። የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ መናገር አይቻልም፤ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ እስኪያባራ እጠብቃለሁ። ሐጂ ቦታውን የሰጡኝ አባቴ ፊደል ስላስቆጠሯቸው ነው። «አባትዎ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬም የጀሪካን ክዳን ስቆጥር ነበር የምኖረው» ይሉኛል። ዛሬም ይቆጥራሉ።

ተማሪዎቼ ሁሉ በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች ናቸው። የምሳው ዕቃ ታጥቦ የራቱ ሽንኩርት እስኪከተፍ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት፣ አሠሪዎቻቸው ይለቋቸዋል። ከሁለቱ ሰዓት ግማሹን እንቅልፍ ይወስደዋል። አልቆጣም። ስልሳ ስድስት ዓመት ከሞላኝ ወዲህ አብሬያቸው የማንቀላፋበት ቀን አለ።

ክፍሉ አንድ ሕግ አለው። ስም ሲጠራ «አቤት» አይባልም። «አለሁ» ይባላል።

ሕጉ የአያቴ ነው። አያቴ ሀብተ ወልድ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። ከፍርድ ቤቱ ግንብ ሥር ተቀምጠው፣ ጣውላ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የሰው አቤቱታ ይጽፉ ነበር። ባርነት በአዋጅ ቀርቷል በተባለበት ዘመን አዋጁ ያልደረሳቸው ሰዎች ይመጡባቸዋል፤ ከጌታቸው ቤት ጠፍተው የመጡ፣ የነፃነት ወረቀት የሚሹ። አያቴ ይጽፉላቸዋል። አንድ ቀን አንድ ሰው መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንገቱ አንጠልጥሎ የዞረውን የነፃነት ወረቀት አውጥቶ አሳያቸው። አያቴ አነበቡት። የበቅሎ ሽያጭ ውል ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ አያቴ ከሰዓት በፊት ይጽፋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ያስተምራሉ።

«አቤት የፍርድ ቤት ቃል ነው» ይሉ ነበር። «ዳኛ ፊት ቆመህ፣ ተበድያለሁ ስማኝ የምትልበት ነው። ሰው ውኃ አምጣ ባለህ ቁጥር አታባክነው።»

አባቴ ኪዳነ ማርያም ክፍሉን ተረክበው ሠላሳ ዓመት አስተማሩ። ሕጉን አልነኩትም፤ አንድ ነገር ግን ጨመሩበት። ትምህርቱ ሲያበቃ በሩ ላይ ቆመው «ቃሏን እዚህ ተዉአት» ይሉ ነበር። ይህን የጨመሩት አንድ ተማሪያቸው የአሠሪውን ጥሪ «አለሁ» ብሎ መልሶ በማግስቱ የፊት ጥርሱ ወልቆ ከመጣ በኋላ ነው።

እኔ ክፍሉን ስረከብ የአባቴን ጭማሪ ተውኩት። በር ላይ የሚቀር ቃል ምን ዓይነት ቃል ነው አልኩ። ወጣት ነበርኩ። ወጣትነቴ ካለፈ በኋላም መልሼ ላነሣው ሰነፍኩ።

ልጆቹ ባሪያ አይደሉም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ፤ አያቴ ያዩትን ከዚህ ጋር ማምታታት ለሁለቱም ስድብ ነው። ደመወዝ አላቸው። መሄድ ይችላሉ ይባላል። ነገር ግን ስማቸው ሲጠራ የሚደነግጡት አደነጋገጥ አዲስ አይደለም። አያቴ ቢያዩት የሚያውቁት ይመስለኛል።

«ቃሊ የት ናት?» አልኩ።

አንገታቸውን ደፉ። ሩሀማ ብቻ ቀና አለች። ሩሀማ ከቃሊ አሠሪ ከበለጥሻቸው ቤት አጠገብ ያለው ቤት ነው የምትሠራው፤ በሠፈሩ የሆነውን ሁሉ በግድግዳ በኩል ትሰማለች። ምላሷም አያርፍም። ባለፈው ወር በክፍሉ መካከል እጇን አውጥታ፣ «እትዬ፣ የቄስ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ነገረኝ፤ በስምዎ ውስጥ ያለው አመተ በግዕዝ ገረድ ማለት ነው አለኝ። እውነት ነው?» ብላኝ ነበር።

«እውነት ነው» አልኳት። «አመተ ሥላሴ፣ የሥላሴ ገረድ ማለት ነው።»

«ሥላሴ ሲጠሩዎት ታዲያ ምን ይላሉ?»

«እስካሁን አልጠሩኝም።»

አሁን ግን ድምፅዋ ቀልድ አልነበረበትም። «ተከልክላለች እትዬ።»

«ማን ከለከላት?»

«እትዬ በለጥሻቸው ናቸዋ። ትናንት እንግዳ ነበረባቸው። አማታቸው፣ የአማታቸው እኅቶች፣ ሁሉም ነበሩ። ‹ቃሊ!› ብለው ሲጠሯት፣ ከጓዳ ሆና ‹አለሁ!› አለች።»

ክፍሉ ሳቀ። ሩሀማ አልሳቀችም።

«በጥፊ ነው ያጮሏት። ደብተሯንም ወሰዱባት። ከእንግዲህ ትምህርት የለም ብለዋታል።»

ሳቁ ቆመ። እኔ የመጀመሪያ ሐሳቤ ቅዳሜ ነበር።

ቅዳሜ የደረጃ መመዘኛ ፈተና አለ። ያለፈ ልጅ መስከረም ላይ መደበኛ ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ይገባል። ከአሥራ ሁለቱ ለፈተናው የደረሰችው ቃሊ ብቻ ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የሚመጣው ዓመት ዕድሜዋ ለቀኑ ክፍል እንደሚያልፍ ተነግሮኛል። በለጥሻቸውም «ካለፈች ጠዋት ጠዋት ትማር» ብላ ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል ስንሠራ የነበረው ለአንድ ቅዳሜ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ መንገዱን ተሻገርኩ።

የበለጥሻቸው ሱቅ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ነው፤ ቤቷ ከሱቁ ጀርባ። ብርድ ልብስና አንሶላ በጅምላ ትሸጣለች። እስከ ወገቧ በሚደርስ የብርድ ልብስ ክምር ላይ ተደግፋ ቆማ አገኘኋት።

«እትዬ አመተ ሥላሴ! አሉ?» አለችኝ።

«አለሁ» አልኩ፤ ሳላስበው።

«ለእርስዎ ያምራል» አለች። «ይቀመጡ።»

አልተቀመጥኩም። «የመጣሁት ስለ ቃሊ ነው።»

«አወቅሁ። እስቲ ይፍረዱኝ። ከዚህ ሠፈር ሠራተኛውን ትምህርት የላከ ማን አለ? ‹በለጥሻቸው ተሞኘች፣ ፊደል ሲገባት ትሄድባታለች› እያሉ ሲስቁብኝ አይደለም የላክኋት? አሁን አማቴ ፊት! ‹ቃሊ!› እላለሁ፤ ‹አለሁ!› ትለኛለች። ሞታ ነበር እንዴ? ማን ሞተሻል አላት?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ክፍል ውስጥ እንዲያ እንዲሉ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።»

«የእርስዎማ ነው! እሷ ከየት ታመጣዋለች?» ከአንሶላው ላይ የሌለ አቧራ አራገፈች። «አማቴ ምን አሉኝ መሰለዎት? ‹ይህ ቤት የማናችሁ ነው፣ የአንቺ ነው የእሷ?› አሉኝ። ከዚያ በኋላ ቃሊን አልጠሯትም። ውኃ ሲፈልጉ እኔን፣ ትራስ ሲፈልጉ እኔን። ‹በለጥሻቸው!› ‹አቤት!› ‹በለጥሻቸው!› ‹አቤት!› እስከ ምሽት ድረስ። ሃያ አምስት ዓመት እሳቸውን አቤት ስል ኖሬያለሁ። ሞትኩ?»



«ቅዳሜን ብቻ ልቀቂያት» አልኩ። «ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት።»

በለጥሻቸው አየችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ቃሊ ታይፎይድ ይዟት በተኛች ጊዜ ሐኪም ቤት ይዛት የሄደችው እሷ ናት። ግን ትናንት የተነካው ነገር እስከ ዛሬ አልበረደም።

«እሺ። እርስዎ ባሉበት አቤት ትበለኝ። እርስዎ ቆመው ይስሙ። ያን ጊዜ ትሂድ።»

ወደ ጓዳው ዞራ ጮኸች። «ቃሊ!»

መልስ አልነበረም። ቃሊ ራሷ መጣች፤ እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና ነበር። ግራ ጉንጯ አብጧል። ሁለት እርምጃ ርቃ ቆመች። በለጥሻቸው ፊቷ የቆመችውን ልጅ እንደገና ጠራቻት።

«ቃሊ!»

ቃሊ እኔን አየች።

ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝ አንድ ቃል ነው። «በይ» ብላት ይበቃ ነበር። ራሴን ብነቀንቅ እንኳ ይበቃ ነበር። እኔ የሱቁን ወለል አየሁ። የተነጠፈው ላስቲክ አበባ ነበረበት፤ አበቦቹ ከበሩ ወደ ውስጥ ሰው በሚረግጥበት በኩል ጠፍተዋል። አያቴን አሰብኩ። አባቴን አሰብኩ። ፊቴ የቆመችውን ልጅ አላሰብኩም።

ቃሊ ዝም አለች። እኔ ባልኖር ኖሮ «አቤት» ትል እንደነበር አውቃለሁ።

«አዩልኝ?» አለች በለጥሻቸው፤ በድል ሳይሆን በድካም። «ሂጂ፣ ዕቃሽን እጠቢ።»

ከሰባተኛ ተነሥቼ አማኑኤል አካባቢ እስካለው ቤቴ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ዝናቡ አልፎ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር። ፍራሽ የተሸከመ ሰው በፍራሹ ጫፍ ትከሻዬን ገፍቶኝ «ይቅርታ እማማ» አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ቆሜ ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

ሲመሻሽ ልጄ ቅዱስ ደወለ። ባንክ ነው የሚሠራው። ከእኔ በኋላ ክፍሉን እንደማይረከብ ከነገረኝ አራት ዓመት ሆኖታል፤ በደንብ አስቦ፣ በትሕትና ነው የነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን አንሥተን አናውቅም።

«ደክሞሻል እማዬ። ድምፅሽ ያስታውቃል።»

«ዝናቡ ነው።»

ከዚያ ግን ነገርኩት።

«እኔ እኮ በቀን ሃምሳ ጊዜ አቤት እላለሁ» አለኝ። «ጨዋነት ነው። ማንም ባሪያ አላደረገኝም።»

«ሥራ አስኪያጅህ ሲጠራህ አቤት ትለዋለህ። አንተ ስትጠራውስ ምን ይልሃል?»

«ወይ» አለ፤ ከዚያ ሳቀ። «እሺ፣ ገባኝ። ግን እማዬ፣ ልጅቷ የምትፈልገው የትኛውን ነው? ፈተናውን ነው ወይስ ቃሉን? ጠይቀሻታል?»

አልጠየቅኋትም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከደብተሬ አንድ ገጽ ገንጥዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ብዙ ገጾች ጽፌያለሁ፤ ይህን ለመጻፍ ግን የራት ሰዓቴ አለፈ። «ቃሊ፣ ፈተናሽን ተፈተኚ። ሲጠሩሽ አቤት በዪ። አመተ ሥላሴ።» መልሼ ሳነበው የእጅ ጽሕፈቴ የአባቴን መሰለኝ። አንድ መስመር ላይ እኩል የማይቀመጥ፣ ወደ ታች የሚወርድ።

ማክሰኞ ለሩሀማ ሰጠኋት። «ለቃሊ ብቻ» አልኳት።

«ላንብበው?»

«ማንበብሽ አይቀር።»

ደረጃው ላይ ቆማ አነበበችው። ከዚያ ዞራ አየችኝ። ሩሀማ ዝም ስትል ሳያት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

ረቡዕ ቃሊ አልመጣችም። ሐሙስም አልመጣችም። ስም ስጠራ ከስሟ ላይ ስደርስ ድምፄ ይቀንስ ጀመር። ሩሀማን ሰጠሻት ወይ አልኳት። «ሰጠኋት፤ መጥበሻ ሥር ደበቀችው» አለችኝ። ከዚያ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ልሄድና በሱቁ በር ላይ ልለምን አስቤ ነበር፤ ያን አበባ ያለበትን ላስቲክ እንደገና ማየት ከበደኝ።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቆጡ ደረጃ ከባድ ሰው ሲወጣበት የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። በለጥሻቸው ነበረች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ልጆቹ ተነሥተው ቆሙ።

«እነዚህን ያውጡልኝ» አለች።

«ሂዱ፣ ታች ጠብቁ» አልኩ። ወረዱ። ወዲያው አንድ የባልዲ ክምር ሲናድና ሐጂ ሙናዊር «እናንተ ልጆች!» ሲሉ ተሰማ።

በለጥሻቸው ከነጠላዋ ሥር አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። አልሰጠችኝም፤ ያዘችው።

«ከሳኛለች?» አለች።

«ማን?»

«ቃሊ ናታ! ጠዋት ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣልኝ አገኘሁ። ቀን አለው። ፊርማ አለው። ከላይ ‹ለ› አለበት። ‹ለ›ን አውቃታለሁ፤ የግብር ወረቀት ሁሉ በእሷ ነው የሚጀምረው።» ድምፅዋን ቀነሰች። «ባሌ ሳያይ ነው ያመጣሁት። ለጥፊው ነው? ፖሊስ ጋ ነው የሚሄደው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ከሱቋ ፊት ለፊት ወጥቻለሁ ወርጃለሁ። ሁልጊዜ ስልኳን፣ ደረሰኟን፣ የጨርቅ ምልክቱን ስታይ አያታለሁ። ማንበብ እንደማትችል አላውቅም ነበር። ማንም አያውቅም።

እጄን ዘረጋሁ። ሰጠችኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩላት፤ ቀስ ብዬ፣ እንዳለ።

«ለወይዘሮ በለጥሻቸው። ሰባተኛ። ጉዳዩ፦ ቅዳሜ ፈተና እንድቀመጥ ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው እኔ አመልካች ቃሊ ላምቤቦ በቤትዎ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። እሑድ ሲጠሩኝ አለሁ ብያለሁ። እርስዎን ለመናቅ አይደለም። ሽንኩርት ስከትፍ ክፍልፋይ ቁጥር እያሰብኩ ስለነበር ትምህርት ቤት ያለሁ መስሎኝ ነው። ሰኞ ደግሞ ዝም ያልኩት እትዬ አመተ ሥላሴ እንዳያፍሩ ነው። ዛሬ ማታ የቅዳሜን ሥራ ጨርሼ አድራለሁ። ስለዚህ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት እንዲፈቅዱልኝ አቤት እላለሁ። አመልካች፣ ቃሊ ላምቤቦ።»

የአቤቱታ አጻጻፍ የሁለተኛው ዓመት ትምህርት ነው። ከአያቴ ጀምሮ እንዲያ ነው። ቀኑ በስተቀኝ፣ የተቀባዩ ስም በስተግራ፣ ጉዳዩ ከመሐል፣ በሥሩም መስመር። ቃሊ መስመሩን በማስመሪያ አስምራዋለች።

ስለ ሰኞ የጻፈችውን ዐረፍተ ነገር በዓይኔ ደግሜ አነበብኩት። ጮክ ብዬ መድገም አልቻልኩም።

«አቤት ብላለች?» አለች በለጥሻቸው።

«ብላለች።»

«በጽሑፍ።»

«በጽሑፍ።»

«ፖሊስ የለበትም?»

«የለበትም። ለአንቺ ብቻ ነው የተጻፈው።»

አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ ለልጆች የተሠራ ነው፤ ጉልበቷ ወደ ደረቷ ቀረበ። «ለእኔ ብሎ የጻፈልኝ ሰው የለም» አለች። «መንግሥት ካልሆነ።» ከዚያ በጣቷ ጠቆመች። «ጀርባው ላይስ ምን ይላል? የእሷ ጽሕፈት አይደለም፤ ያጋደለ ነው።»

ገለበጥኩት። የእኔ ጽሑፍ ነበር። ቃሊ ሌላ ወረቀት አልነበራትም፤ ደብተሯን ወስደውባታል። እኔ በላክሁላት ገጽ ጀርባ ነው የጻፈችው።

ሌላ ነገር ላነብላት እችል ነበር። የሒሳብ ልምምድ ነው ብላት ታምነኝ ነበር። አያቴ የዚያን ሰው ወረቀት አንብበው የበቅሎ ነው ከማለታቸው በፊት ምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳሉ አላውቅም። በቤተሰባችን ይህ አይነገርም።

«‹ቃሊ፣ ፈተናሽን ተፈተኚ። ሲጠሩሽ አቤት በዪ። አመተ ሥላሴ› ይላል።»

«እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ሰኞ ጻፍኩት፤ ማክሰኞ ላክሁላት።»

በለጥሻቸው አሰበች። «እና ከማክሰኞ ጀምሮ ይህ አላት። ማክሰኞ አቤት ብትለኝ ኖሮ እለቃት ነበር።»

«አዎ።»

«አላለችኝም። ቁጭ ብላ ጻፈች።» ራሷን ነቀነቀች፤ የንዴት ይሁን የሌላ ነገር፣ አልለየሁትም። «ግትር ናት። እርስዎን ወጥታ ነው።»

«እኔ ግትር አይደለሁም። ብሆን ኖሮ ያንን አልጽፍም ነበር።»

«እሱስ ልክ ነዎት።» ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች፤ በነበረበት መስመር መልሳ አጠፈችው። «የእርስዎን ቀድጄ ልስጥዎት?»

«አይቀደድም። አንድ ወረቀት ነው።»

ተነሣች። በሩ ላይ ደርሳ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «እስከ ስድስት ሰዓት» አለች። «ስድስት ተኩል አይደለም። ደብተሯን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥቼ እሰጣታለሁ።» አንድ ደረጃ ወረደች፤ ቆመች። «ከ‹ለ› በቀር ሌላውን እንደማላውቅ ለማንም አይንገሩ።»

«አልናገርም» አልኩ። ልጆቹ እንዲመጡ ጠራሁ፤ ባልዲዎቹን መልሰው ሲደረድሩ አሥር ሰዓት ሆነ።

ቅዳሜ ቃሊን እስከ ፈተናው በር ድረስ ሸኘኋት። ሌሊቱን ስታጥብ ያደረችው ልብስ እጇን አጨማዶታል። የጉንጯ እብጠት ቀንሷል። መንገድ ላይ ስለ ሰኞ ላነሣባት ሁለት ጊዜ ጀመርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ክፍልፋዩን አትርሺ» ብዬ ጨረስኩት። ጥበቃው እኔን አላስገባኝም። ከግንቡ ውጭ፣ ጃንጥላ ከሚጠግን ሰው አጠገብ ቆሜ፣ በግቢው ውስጥ ስም ሲጠራ ሰማሁ። ልጆች እየተከታተሉ «አቤት» ይላሉ። የቃሊ ስም ሲጠራ አንድ ጋሪ በኮብልስቶኑ ላይ አለፈ። ምን እንዳለች አልሰማሁም። ስትወጣም አልጠየቅኋትም። ስድስት ሰዓት ከሩብ ነበር፤ ሮጠች።

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለቱም ነበሩ። መዝገቡን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ስም ለመጥራት አየር ሳብኩ፤ ከዚያ አልጠራሁትም። መዝገቡን ከነእስክሪብቶው ለፊተኛዋ ልጅ ሰጠኋት።

«ከዛሬ ጀምሮ ስም አልጠራም። ስማችሁን ፈልጋችሁ፣ ከጎኑ በእጃችሁ ጻፉት።»

«ምን ብለን?» አለች ሩሀማ።

«አለሁ ብላችሁ።»

«ጮክ ብለንስ?»

«ጮክ ብላችሁ የፈለጋችሁትን በሉ።»

«ድምፅዎ ተዘግቶ ነው እትዬ?»

«ደክሞኝ ነው።»

መዝገቡ በአግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ስም ስጠራ ሁለት ደቂቃ ይወስድ ነበር፤ ይህ ሩብ ሰዓት ፈጀ። አንዷ «ለ»ን ገልብጣ ጻፈችና ሰረዘች። ሩሀማ ሁለት ጊዜ ጻፈች፤ አንዱ ለሐሙስ ነው አለች፤ ሐሙስ አርፍዳ ነበር። እኔ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ እግሬን ዘረጋሁ።

መዝገቡ መጨረሻ ላይ ቃሊ ጋ ደረሰ። ስሟን አገኘች። «አ»ን ጻፈች።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከብርድ ልብሱ ሱቅ በር፣ ድምፅ መጣ። «ቃሊ!»

አሥራ አንድ ራሶች ቀና አሉ። ሁሉም እኔን አዩ። እኔ ቃሊን አየሁ፤ በዚህ ጊዜ ወለሉን አላየሁም።

«አቤት!» አለች ቃሊ። ጮክ ብላ፣ ወደ መስኮቱ፣ ሙሉ ድምፅዋን አውጥታ። ራሷን ግን አላነሣችም። እጇ «ለ» ላይ ነበር።

«ቃሊ! ነይ እንጂ!»

«አቤት! መጣሁ!»

ጻፈች። እስክሪብቶውን የያዘችበት ጣት ጫፉ ነጥቷል። «ሁ»ን ጨረሰች፤ የጎኗን ጭረት ትንሽ ረዘም አደረገቻት። እስክሪብቶውን በመዝገቡ እጥፋት ውስጥ አስተኛችው። ከዚያ ነው የተነሣችው።

በሩ ላይ ስትደርስ አፌን ከፈትኩ። የአባቴ «ቃሏን እዚህ ተዉአት» ምላሴ ላይ ነበር። መልሼ ዋጥኩት፤ ቃሊ ደረጃውን እየዘለለች ወርዳ፣ በባልዲዎቹ መካከል አልፋ፣ መንገዱን ተሻገረች።

መዝገቡን አልዘጋሁትም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደረጃው እንደገና ተንቋቋ።

«የት ደረሳችሁ?» አለች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«እየጠበቅንሽ ነው» አልኳት። «ተቀመጪ።»